ጐንደር የሰጠመችው የት ነው?

በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፥ ያን ሁሉ በረሓና ዐቀበት በከባድ መኪና ጀርባ ላይ ተጭና ወደ ጣና የመጣችውን ጀልባ ያስታውሷታል። ርዝመቷ 38 ሜትር ነው፤ ስሟም «ጣናነሽ ሁለት» ይባላል። በየመንደሩ ሕዝቡ እየወጣ በእልልታ ሲያሳልፋት ያየ ሰው ሁሉ ስለ ትልቅነቷ አወራ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብቶ ሲመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ያለ አንድ ወዳጄ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ። «ሁለት ካሏት አንደኛዋ አለች ማለት ነው። ለመሆኑ አንድ ስም ለሁለት ጀልባ እንዴት ይሰጣል? ልጅ ሲሞት በስሙ ሌላ ልጅ አይጠሩበትም፤ ይፈራል» አለኝ።

የመርከበኞች ልማድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። መርከቧ ታረጃለች፥ ትሰጥማለች፥ ብረቷ ተቈራርጦ ይሸጣል፤ ስሟ ግን ወደ መዝገብ ቤት ይመለስና ሌላ መርከብ እስክትሠራ ድረስ ይጠብቃል። እኔም ለወዳጄ ይህንኑ ላስረዳው ብዬ መጻሕፍት ሳገላብጥ፥ ከፈለግሁት ይልቅ ያልፈለግሁት በዛብኝ። የኛ የገዛ አገራችን ስሞች፥ ጐንደር፥ ዐድዋ፥ አክሱም፥ ደሴ፥ መቀሌ፥ ተንቤን፥ ሽሬ፥ ሁሉም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሜዲቴራኒያን ባሕርና በቀይ ባሕር ውስጥ ሲዋጉ አገኘኋቸው። የተዋጉት ግን ለኛ አይደለም። (ከዚህ በታች የሚነበበው ዘመን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በመርከብ መሥሪያዎቹ ውስጥ አንድ ዐይነት የሆኑ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ይሠሩ ነበር። እያንዳንዳቸው ወደ 60 ሜትር ርዝመት፥ ስድስት የቶርፔዶ መተኰሻና ከ40 በላይ መርከበኞች የሚይዙ ነበሩ። ወራሪው የያዘውን ከተማና የተዋጋበትን ቦታ ሁሉ ስሙን እየወሰደ በነዚህ ላይ ጻፈባቸው። ነገዱ በሙሉ «የዐድዋ ክፍል» ተባለ። ብዛታቸው 17 ነው። ከጠቀስኋቸው ሌላ አላጌ፥ አራዶም፥ ሐሸንጌ፥ ነጌሌ፥ ደገሃቡርና ዋቢ ሸበሌ ይገኙባቸዋል፤ የቀሩት ስማቸው ከኤርትራ ጠረፍና ከሶማልያ የተወሰደ ነው። አንባቢ ዝርዝሩን ቢያየው የዚያን ዘመን የጦር ሜዳ ካርታ ያነበበ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ዐድዋ» ለኢጣልያ የድል ስም አይደለም። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። አላጌም እንደዚሁ ነው፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የኢጣልያ ጦር የተደመሰሰበት አምባ ነው። ስለ ምን የሽንፈታቸውን ስም በመርከባቸው ላይ ጻፉ? መልሱ በቀል ነው። ከተማዪቱን መስከረም 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በያዙ ጊዜ የአርባ ዓመቱ ዕዳ ተከፈለ ብለው ቈጠሩት፤ ስሙን በብረት ላይ መጻፍም የደረሰኝ ወረቀት እንደ መስጠት ነበር። ልማዱ ግን ከፋሺስት በፊት የመጣ ነው። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. የኢጣልያን ጦር ዶጋሊ ላይ በጨረሱ ጊዜ፥ በእንግሊዝ አገር ለግሪክ መንግሥት የተሠራች አንዲት የጦር መርከብ ወደ ኢጣልያ ተሸጠች። የግሪክ ስሟ ተፋቀና «ዶጋሊ» ተባለች፤ ለሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ እንድትሆን። ይህችው መርከብ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለኡራጓይ ተሸጠችና ስሟ እንደ ገና ተለወጠ። የራስ አሉላ ድል በደቡብ አሜሪካ ወደብ ላይ ተፋቀ ማለት ነው፤ የፋቀው ሰው ምን እንደሚፍቅ ሳያውቅ።

አሁን ወደ ጐንደር ልመለስ፤ የጣና ዳር ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለርሷ ነውና። ሰርጓጇ ጐንደር ሁለት ጊዜ ነው የተወለደችው። በመጀመሪያ በዚህ ስም የተጀመረችው መርከብ ከሐሸንጌና ከነጌሌ ጋራ ገና ሳታልቅ ለብራዚል መንግሥት ተሸጠች። ኢጣልያኖችም ሦስቱን ስሞች መልሰው በሌሎች ሦስት አዳዲስ መርከቦች ላይ ጻፉ። እንግዲህ ወዳጄ ስለ ጣናነሽ የጠየቀው ጥያቄ ለጐንደርም ይሠራል።

ሁለተኛዪቱ ጐንደር በመስከረም 1933 ዓ.ም. ከባድ ሥራ ተሰጣት። የኢጣልያ መሐንዲሶች ሁለት ሰዎች እንደ በቅሎ ተቀምጠውበት ከውኃ በታች የሚነዱት ቶርፔዶ ሠርተው ነበር። ራሱ ላይ ያለውን ፈንጂ ከጠላት መርከብ ሥር ጠምደው ተመልሰው ይዋኛሉ። ለመንዳት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ነጂዎቹ ራሳቸው «አሳማ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ጐንደር እንዲህ ያሉ ሦስት አሳማዎች በጀርባዋ ተሸክማ እስክንድርያ ወደብ አጠገብ ደረሰች። ነገር ግን የእንግሊዝ መርከቦች ከወደቡ ወጥተው ነበርና ተመለሺ ተባለች። ስትመለስም የአውስትራልያ አጥፊ መርከብ የሆነችው ስቱዋርት አገኘቻት። ሌሊቱን በሙሉ ከላይ የውኃ ውስጥ ቦምብ ሲዘንብባት አደረ፤ ውስጥዋ ውኃ ገባ፤ አየሩ አለቀ። በነጋው መስከረም 20 ቀን ወደ ላይ ብቅ አለችና መርከበኞቹ ዘለው ወጡ፤ ከሞላ ጐደል ሁሉም ተርፈው ተማረኩ፤ እርሷ ግን ሰጠመች። ከተማረኩት አንዱ ያንን «አሳማ» ከፈጠሩት ሁለት መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ኤልዮስ ቶስኪ ነው።

ይህ ሲሆን እውነተኛዪቱ ጐንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። የኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠው እዚያው ጐንደር ላይ፥ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ስሟን የሰረቀችው መርከብ ከዓመት በላይ ቀድማት ሄዳለች።

የዐድዋ መጨረሻ ደግሞ ይባስ የሚገርም ነው። ሰርጓጇ ዐድዋ የሰጠመችው መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ያስተውሉ፤ ጐንደር በሰጠመች በዓመቱ፥ በዚያው ዕለት! ወደ ማልታ ደሴት ምግብና ጥይት ከሚያደርሱ መርከቦች ጋራ የነበሩ ሁለት የእንግሊዝ አጥፊዎች በምዕራብ ሜዲቴራኒያን አገኟትና ከነመርከበኞቿ አሰጠሟት፤ አንድም ሰው አልተረፈም። ከሁለቱ አጥፊዎች የአንዲቱ ስም «ጉርካ» ነበር።

ስለ ጉርካ ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጉርካ ማለት በሂማላያ ተራራ ሥር ያሉ፥ ለእንግሊዝ መንግሥት የሚዋጉ የኔፓል ወታደሮች ናቸው። በዚህ ስም የተጠራችው የመጀመሪያዪቱ አጥፊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1909 ዓ.ም. ከፈንጂ ጋራ ተጋጭታ ሰጠመች። ሁለተኛዪቱን በ1932 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የጀርመን አውሮፕላኖች በኖርዌይ ባሕር ላይ አሰጠሟት። ይህን የሰሙ የጉርካ ወታደሮችና መኰንኖች እያንዳንዳቸው የአንድ ቀን ደመወዛቸውን አዋጡ፤ ስማችን ከባሕር አይጥፋ አሉ። በዚያን ጊዜ በሌላ ስም ትሠራ የነበረችው መርከብ ስሟ ተለወጠና ሦስተኛዪቱ ጉርካ ሆነች። ዐድዋን ያሰጠመችው ይህች ናት። እርሷም በአራት ወር ውስጥ፥ በጥር 1934 ዓ.ም.፥ በጀርመን ሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አራተኛዪቱ ተሠራች። እኔ ስለ ጦር መርከብ ካነበብሁት ሁሉ የዚያ የአንድ ቀን ደመወዝ ነገር ከልቤ አይወጣም። ባሕር የሌለው የተራራ አገር ሰው፥ ከቶ ላይሳፈርባት ለሚችል መርከብ፥ ስለ ስሟ ብቻ ከደመወዙ ቈረጠ።

አክሱምን ለብቻዋ ላውራት። ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. እንግሊዞች ለማልታ ትልቅ የዕርዳታ ጕዞ አድርገው ነበር። በዚያ ምሽት ሰርጓጇ አክሱም አራት ቶርፔዶ በአንድ ጊዜ ተኵሳ ሦስት መርከቦች መታች፤ እንዲህ ያለ ነገር በባሕር ጦርነት ታሪክ እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው የሆነው። የተመቱትም «ናይጄሪያ» የምትባል ክሩዘር፥ «ካይሮ» የምትባል ሁለተኛ ክሩዘርና «ኦሃዮ» የምትባል ነዳጅ ጫኝ ነበሩ። ካይሮ ሰጠመች። በዚያው ምሽት አላጌ ደግሞ «ኬንያ» የምትባለውን ክሩዘር አቈሰለች። እስቲ አንባቢ ይፍረደኝ፤ አክሱም ካይሮንና ናይጄሪያን መታች፥ አላጌ ኬንያን አቈሰለች! የአፍሪካ ስሞች እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ፤ በመርከቦቹ ውስጥ ግን የካይሮም የአክሱምም ሰው አልነበረም። ገዢዎቹ ሁለት አውሮፓውያን ሆነው ሳለ የተጋጩት ስሞች የኛ ናቸው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ዋቢ ሸበሌ ጦርነቱ በተጀመረ በወሩ ሳይሞላ ጠፋች። ተንቤንን በሐምሌ 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ክሩዘር በአፍንጫዋ ወግታ ሰበረቻት። ደሴን በኅዳር 1935 ዓ.ም. ሁለት አጥፊዎች አሰጠሟት። ነጌሌ በኤጌ ባሕር ከነሰዎቿ የጠፋችው ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት መሆኑ ነው። በማግሥቱ ጥር 12 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ።

መቀሌ ግን ለብቻዋ የሚነገርላት ናት፤ ከነዚህ ሁሉ ለኛ በቅርብ የነበረችው እርሷ ናትና። በምጽዋ ትቀመጥ ነበር። ኢጣልያ ጦርነት ባወጀችበት በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ጠረፍ ተላከች። የቀይ ባሕርን ሙቀት ለማብረድ በውስጥዋ ከተተከለው መኪና መርዘኛ ጋዝ ያፈተልክ ጀመር። ጋዙ ሽታ የለውም፤ መርከበኞቹ አንዱ ይሥቃል፥ አንዱ ይቃዣል፥ አንዱ ይወድቃል፤ መንገድ መሪው የት እንዳለ መለየት ተሳነው። በመጨረሻ ሰኔ 8 ቀን ከድንጋይ ላይ ወጣች፤ በኋላም ተንሸራትታ ወደ ጥልቁ ገባች። ሰዎቹ ዛፍ በሌለባት ደሴት ላይ በፀሓይ እየተቃጠሉ፥ ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ ሄደው ርዳታ እስኪያመጡ ድረስ ቈዩ። ጠላት ቢሆኑም ሲያነቡት ያሳዝናል።

ከ17ቱ ከጦርነቱ ተርፋ የወጣችው አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም አላጌ። በምድር ያለው አላጌ ለኢጣልያኖች ሁለት ጊዜ መሸነፊያ ሆኖ ሳለ፥ በ1888 ዓ.ም. አንድ ጊዜ፥ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የአኦስታው መስፍን እጃቸውን በሰጡ ጊዜ፥ ስሙን የተሸከመችው መርከብ ብቻዋን ዳነች። ስም ዕድል አለው የሚሉ ሰዎች ይህን ይተርጉሙልኝ።

አንዱ ስም ግን እስከ ዛሬ በባሕር ውስጥ ይሄዳል። ጐንደር ያልተሳካላትን ሥራ የሠራችው እኅቷ ሽሬ ነበረች። በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. ሦስት አሳማዎችና ስድስት ሰዎች ወደ እስክንድርያ አድርሳ፥ «ኩዊን ኤልሳቤጥ»ና «ቫልያንት» የተባሉትን ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በወደባቸው ውስጥ ከመሬት አስቀመጠቻቸው። ሁለቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ አንጋፎች ነበሩ፤ የኩዊን ኤልሳቤጥ ስም በ2010 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረች የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተላልፏል። ሽሬ ራሷ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ሐይፋ አጠገብ ሰጠመች። ነገር ግን የኢጣልያ ባሕር ኃይል ስሟን አልረሳም፤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረች አዲስ ሰርጓጅ መርከብ ሰጠው። ይህችኛዪቱ ሽሬ የተጠራችው በትግራይ ባለችው በሽሬ አይደለም፤ በመጀመሪያዪቱ መርከብ ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ምድር የወደቁት የራስ እምሩ ወታደሮች በዚህ ስም ውስጥ የሉበትም። ይህ ይከነክነኛል። ለሕፃን ስም ሲያወጡ አያቱን ይጠይቃሉ፤ ለዚህ ግን የጠየቀን ሰው የለም።

እኛስ? ብሎ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። እኛም አንዲት «ኢትዮጵያ» ነበረችን። ይህች መርከብ መጀመሪያ የአሜሪካ ነበረች፤ በአላስካ ባለ አንድ የባሕር ወሽመጥ ስም «ኦርካ» ተብላ በጥር 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች፤ በፓሲፊክ ባሕር ከጃፓን ጋራ በተደረገው ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል፥ በፊሊፒን ውጊያ ላይ ነበረች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ይሆናል። በጥር 1954 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በውሰት ተሰጠችና «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ በኋላም ተገዛች። ወጣት የባሕር ኃይል ዕጩ መኰንኖች የተማሩባት፥ በምጽዋ የባሕር ኃይል በዓል ሲከበር በመካከል የምትቆመው ዋናዪቱ መርከብ እርሷ ነበረች። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ቤት አልነበራትም። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ በ1985 ዓ.ም. ገደማም ለብረት ተሸጠች። አንዲት መርከብ በሁለት ስም ሁለት ዐይነት ጦርነት አይታ፥ በሦስተኛ አገር ወደብ ተቈራረጠች። በርሷ ላይ ያገለገሉ ሽማግሌዎች ዛሬም በየከተማው አሉ። ከነርሱ አንዱን አውቃለሁ፤ ስለ መርከቢቱ ሲናገር ስለ ሞተች እኅቱ የሚናገር ይመስላል።

የንግድ መርከቦቻችን ነገር ደኅና ነው። ከ2004 እስከ 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደማ በቻይና ካስሠራናቸው ዘጠኝ መርከቦች አንዲቱ «መቀሌ» ተባለች። ያ በመርዝ ጋዝ የተቃዠው ስም በባለቤቱ እጅ ተመልሶ፥ ጭነት እየጫነ በዚያው በቀይ ባሕር ላይ አለፈ። ከሁለቱ ነዳጅ ጫኞች የአንዲቱ ስም ደግሞ «ባሕር ዳር» ነበር፤ ከተማችን ባሕር ሳታይ ስሟ ውቅያኖስ አቋረጠ።

በ1988 ዓ.ም. የፈረሰው ባሕር ኃይል እንደ ገና ይቋቋም ከተባለ ወዲህ፥ በ2012 ዓ.ም. ጋዜጦች ዋና መምሪያው ባሕር ዳር ይሆናል ብለው ጽፈው ነበር። ያን ጊዜ ወዳጄና እኔ በጣና ዳር ዓሣ እየበላን፥ የመጀመሪያዪቱ የጦር መርከብ ማን ትባል ብለን ተከራከርን። እርሱ «ኢትዮጵያ ሁለት ትባል» አለ። እኔ ስሙን ከፍ ያለ ነው ብዬ ባከብረውም፥ ምርጫዬ «ዐድዋ» ነበር፤ ይህ ስም በምዕራብ ሜዲቴራኒያን ወለል ላይ በሌላ ሰው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተኝቷልና ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይምጣ አልሁ። ዓሣውን የጠበሰልን ሽማግሌ ክርክራችንን ሲሰማ ቈይቶ፥ «ልጆቼ፥ መርከቢቱ በመጀመሪያ ትምጣ እንጂ፤ ስሙንማ እኛ ጣናነሽ ሦስት እንላታለን» አለንና ሣሕኑን አንሥቶ ሄደ።